ሐረር ጀጎልን በጠዋት በእግር፦ አስጎብኚ ይዤ የዞርኩበት ሪቪው (ከ5 ለ4)

በቀጥታ ልግባበት። ሐረር ጀጎልን (በግንብ የተከበበችውን አሮጌዋን ከተማ) በእግር የሚያዞሩ አስጎብኚዎች አሉ፣ ያረፋችሁበት ሆቴል ይደውልላችኋል፣ ካልደወለም ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆም ብላችሁ ግራ የገባው ሰው ፊት ካሳያችሁ እነሱ ራሳቸው ያገኟችኋል። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንዱን ይዘን ወጣን፣ ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ኮከብ ለምን እንደነፈግኩት እንደርስበታለን። ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱን እንነጋገር ምክንያቱም እዚህ ነገር ላይ ሰዓቱ ከአስጎብኚውም ከዋጋውም ይበልጣል።

አስጎብኚው ልጅ መጀመሪያ ያቀረበልን ጠዋት 3 ሰዓት ነበር፣ ቁርስ በልታችሁ ተዘጋጅታችሁ ምናምን። እኛ ደሞ አይሆንም ሌሊት 11 ተኩል አልነው። ሳቀብን፣ "አቦ ምን ታያላችሁ በዛ ሰዓት፣ ጅብ ነው ያለው" አለን። ወንድሜ እሱን ነው የምንፈልገው ሲለው ነው ነገሩ የገባው፣ ትንሽ ጨምሩ ብሎ እሺ አለ። ዋጋውን ቁጥር አልጽፍም ምክንያቱም በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ብቻ መጀመሪያ የሚጠሩላችሁን ዋጋ እንዳትቀበሉ፣ በጨዋ ቋንቋ ተከራከሩ፣ ክርክሩ ራሱ እዛ አገር እንደ ጨዋታ ነው ማንም አይቀየምም።

እና 11 ተኩል ላይ አሱም በሪ ደረስን። (ፈላና በርም ይሉታል፣ እዛ እያንዳንዱ በር ቢያንስ ሁለት ስም ስላለው ባጃጅ ስትይዙ አንዱ ካልሰራ ሌላውን ሞክሩ፦ አስመዲን በሪ ሸዋ በር ነው፣ አርጎ በሪ ኤረር በር ነው፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ በድሮ በሪ ደሞ ቡዳ በር። የድሮዎቹ እነዚህ 5ቱ ናቸው፣ ለመኪና የተከፈተው ትልቁ የሐረር በር በኋላ የመጣ ነው።) አዛን ካለቀ ትንሽ ቆይቷል፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፣ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው በግድግዳው ጥግ ጥግ እየተራመዱ ያልፋሉ፣ እና እነሱ ባለፉበት መንገድ ማዶ ሁለት ጅብ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዝም ብሎ! ሽማግሌዎቹ ዞረውም አላዩት። እኔ የወንድሜን እጅ ይዤ ቀረሁ። ልጁ አትሩጪ ብቻ አለኝ፣ "ስራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት እኮ"። ሌሊት እየገቡ የከተማውን ቆሻሻ ይበላሉ፣ ሲነጋ ይወጣሉ፣ ግንቡ ስር ለነሱ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ ሳይቀር አለ፣ ሐረሪዎች ዋራባ ኑዱል ይሉታል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሰው በእንጨት ጫፍ ስጋ አድርጎ የሚያበላበትን ትርኢት ሁሉም ያውቀዋል፣ ቪዲዮውን አይታችሁታል፣ ቱሪስቱ ተሰልፎ ፎቶ የሚነሳበት። መጥፎ አይደለም፣ እኛም አየነው። ግን የጠዋቱ ይበልጣል፣ መብራት የለው ትኬት የለው፣ እንስሳውም ሰውም የየራሱን ጉዳይ ይዞ ያልፋል።

ከዛ በግንቡ ውጭ ነው የጀመርነው። ይሄንን ልጁን ራሳችን ነን የጠየቅነው፣ እሱ በቀጥታ ወደ ውስጥ ነበር ሊያስገባን የፈለገው። ግንቡ ዙሪያውን ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ፣ በአንዳንድ ቦታ ቤት ተደግፎበታል፣ በአንዳንድ ቦታ ልብስ ተሰጥቶበታል። ሁሉንም መዞር አይጠበቅባችሁም፣ ከአሱም በሪ እስከ ኤረር በር ያለችው ምስራቃዊ ጎን ትበቃለች፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ በዛ በኩል ነው የምትወጣው፣ ከታች ወደ ኤረር ሸለቆ የሚወርደውን አገር እያያችሁ ትሄዳላችሁ፣ ድንጋዩ ቀስ እያለ ከግራጫ ወደ ቡናማ ሲለወጥ ከጎኑ እየሄዳችሁ ነው። ልጁ እዚህ ላይ ስለ አሚር ኑር ነገረን፣ ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሰራው እሱ ነው የሚባለው። የግራኝ አህመድ ተከታይ የነበረው፣ በ1559 (ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አፄ ገላውዴዎስ ጦር ሜዳ ላይ የወደቁት ከእሱ ጋር ሲዋጉ ነው። ልጁ ይሄን ሲያወራ ደስ ያለኝ ነገር ምንም ሳይሳቀቅ ማውራቱ ነው፣ እኛ የክርስቲያን ልጆች መሆናችን ከአንገታችን ማተብ ይታያል፣ እሱም ታሪኩን ሳያለዝብ ሳያጋግል ነገረን፣ ከዛ "እናንተም በ1887 መጥታችሁ ብድራችሁን መልሳችኋል፣ አልቀረም" ብሎ ሳቀ። ጨለንቆን ማለቱ ነው፣ አሚር አብዱላሂ በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት። የሐረር ልጅ ነገር ሆድ ውስጥ አያስቀምጥም የሚሉት እውነት ነው።

ኤረር በር ስንደርስ ነው ጠዋቱ በደንብ የጀመረው። ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞ ሴቶች፣ አንዷ እንጨት ተሸክማ፣ አንዷ ድንች፣ አንዷ ወተት በቅል፣ ሌላዋ በአህያ ጫት፣ ሁሉም በዛች በር ነው የሚገባው፣ የልብሱ ቀለም ብቻ ሊያሳብዳችሁ ይችላል፣ ብርቱካናማ ላይ ሮዝ፣ ሮዝ ላይ አረንጓዴ፣ እና በሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ ይሳሳቃሉ፣ እኛ ደሞ መንገድ ዘግተን ቆመን እናያለን። አስጎብኚያችን ፎቶ እንዳናነሳ መጀመሪያ ነገረን፣ ለዚህ ትልቅ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ፣ ከኛ ኋላ የመጡ ሌሎች ሰዎች ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ደግነው አንዷ እናት ተቆጥታ ጀርባዋን ስትሰጣቸው አይተናልና። ጠይቁ፣ እሺ ካለች አንሱ፣ እምቢ ካለች እዛው ተዉት፣ ብር ከጠየቀችም ስጡ ወይ አታንሱ።

ወደ ውስጥ ስትገቡ በቃ ካርታ አይሰራም። ጎግል ማፕ ከፍታችሁ ብትሞክሩ ሰማያዊዋ ነጥብ የሰው ሳሎን ውስጥ ቆማ ታገኟታላችሁ። መንገዶቹ 368 ናቸው ይባላል፣ ማን እንደቆጠራቸው እንጃ፣ ግን አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ ለማስገባት ምን ያህል ጠባብ መሆን እንዳለባቸው ገምቱት። የእርቅ መንገድ የሚሏት አለች፣ የሷን ታሪክ ልጁ እየሳቀ ነው የነገረን፣ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እዛ ውስጥ ከተገናኙ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ የግዳቸውን ሰላም ይባባላሉ። ወንድሜ ትንሽ ሞላ ያለ ነውና ከማንም ጋር ሳይጣላ በግድ ሰላም ሲል ነበር የዋለው።

ግድግዳዎቹን እዩዋቸው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ውሃ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ እንደ ሐብሐብ ውስጥ ያለ ቀይ። በበዓልና በሰርግ ሰሞን ነው የሚቀቡት፣ ስለዚህ ቀለሙ ትኩስ የሆነበትን ቤት ስታዩ እዛ ቅርብ ጊዜ ሰርግ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ አንዱ ግድግዳ ቀለሙን ትይዩው ላይ ይጥላል፣ ነጩ ግድግዳ ሰማያዊ ሆኖ ይታያችኋል፣ 3 ሰዓት ሲሆን ይሄ ነገር የለም፣ ፀሐይዋ ከላይ መጥታ ሁሉንም ታገረጣዋለች። ለፎቶ ብላችሁ የምትመጡ ሰዎች በተለይ ይሄን ያዙልኝ፣ ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለችውን ጊዜ አታባክኑ።

ደሞ ድምፁ። ባጃጁ ገና አልወጣም፣ ሱቁ አልተከፈተም፣ እና የምትሰሙት ሰው ብቻ ነው፣ በር ላይ ውሃ የሚረጭ፣ መጥረጊያ፣ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች፣ የሆነ ቤት ውስጥ ድስት ሲነካ። መካከለኛ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ግንብ ውስጥ ተኝቶ አንድ ላይ ሲነቃ መስማት ነው። 82 መስጊድና 102 አዋች (የወሊዮች መቃብርና መዘየሪያ ቦታ) ነው ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ጀጎል ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገባችው በ2006 ነው፣ አንዳንዱ መስጊድ ከመኖሪያ ቤት የማይበልጥ ስለሆነ ሳታውቁት ታልፉታላችሁ። የአሚር ኑር መቃብር አረንጓዴ የተቀባች ሾጣጣ ጉልላት ነች፣ በጠዋት ማንም የለም፣ ጫማ አውልቃችሁ ነው፣ ሴቶች ሻሽ ያዙ፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የሄድኩት፣ ለብርዱም ለሱም ሆነኝ። አዎ ይበርዳል! ሐረር ቆላ የሚመስለው ሰው አለ፣ ከተማዋ ከባህር ወለል 1885 ሜትር ላይ ነች፣ ድሬ ላይ በላብ ተዘፍቃችሁ መጥታችሁ ጠዋት እዚህ ትንቀጠቀጣላችሁ።

አሁን ወደ ኮከቧ።

ልጁ መንገድ ያውቃል፣ ሰው ያውቃል፣ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት በላብን፣ ጥሩ ነው። ታሪክ ላይ ግን የሚያውቀውንና የሰማውን ለያይቶ አይነግራችሁም። ራምቦ ቤት የሚሏት አለች፣ የፈረንሳዩ ገጣሚ የራምቦ ሙዚየም፣ የሚያምር የእንጨት ቤት ነው፣ ባለቀለም መስታወት፣ ጣሪያው ላይ ስዕል ያለበት። በር ላይ ቆሞ "እዚህ ነው የኖረው፣ እዛ መስኮት ጋ ነው የሚጽፈው" አለን። በስመአብ! ሰውየው ሐረር የመጣው በ1880 የንግድ ወኪል ሆኖ ነው፣ ቡናና ቆዳ በኋላም መሳሪያ ነው የነገደው፣ ግጥሙን ከመምጣቱ በፊት ገና በወጣትነቱ ነው የተወው፣ በ1891 እግሩ ታሞ ሄዶ በዛው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ቤቱን ደሞ ከሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ እንዳሰራው ነው የሚነገረው። ወንድሜ ይሄን ቀስ ብሎ ሲነግረው ልጁ ምንም አላፈረም፣ "ፈረንጆቹ እንደዛ ስንላቸው ደስ ይላቸዋል" አለ። ሐቀኛ መልስ ነች ግን እኛ ፈረንጅ አይደለንም። ቤቷን ራሷን እንዳታልፏት ግን፣ ውስጧ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ብቻቸውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣሉ፣ ከላይኛው ፎቅ ጀጎልን በሙሉ ታያላችሁ።

እዚህ ጋ ነው የጠዋት ጉዞ ትልቁ ችግር የሚመጣው፦ ሙዚየሞቹ በዛ ሰዓት ዝግ ናቸው። ራምቦ ቤትም፣ የሸሪፍ ሙዚየምም (ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከቤት ለቤት ለዘመናት የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ ያለበት፣ ለኔ የከተማዋ ምርጥ ሙዚየም)። አስጎብኚው ግን በአንድ ዋጋ ሁሉንም አሳያችኋለሁ ብሎ ነው የተስማማው፣ ስለዚህ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ጊዜ መግደል ተጀመረ፣ እና ጊዜ የሚገደልበት ቦታ የት መሰላችሁ፣ የሚያውቀው ሰው ሱቅ። ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ ሻርፕ፣ "ዝም ብላችሁ እዩ"። አንዱን ሱቅ አየን እሺ፣ ሁለተኛው ሱቅ ላይ ዋጋው ልጁ አብሮን ሲኖርና ሳይኖር የተለያየ መሆኑን ያወቅነው ወንድሜ ተመልሶ ብቻውን ሲጠይቅ ነው። ኮሚሽን ይበላል፣ ይብላ፣ ኑሮ ነው፣ ግን በግልጽ ቢነግረን እኮ ራሱ ሻይ ብለን እንሰጠው ነበር። ኮከቧ የሄደችው እዚህ ነው። ስፌቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅ ስራው ሌላ ነው፣ ከጥቅጥቅነቱ የተነሳ ውሃ የሚይዝ ይመስላል። መግዛት ከፈለጋችሁ ከሰፊዋ ከራሷ ግዙ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻችሁን ተመለሱ።

ለአስጎብኚ መክፈል ዋጋ የሚያወጣበት አንድ ቦታ ካለ የአደሬ ቤት (የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) ነው። ብቻችሁን ሆናችሁ የሰው በር አታንኳኩም፣ ልጁ ግን አንኳኳ፣ እና በዛ ጠዋት አንዲት እናት ከፈቱልን። "ግቢ ግቢ፣ አንተም ግባ፣ ጫማ አውልቁ" አሉን፣ እዛ አንቱታ የሚባል ነገር ብዙም የለም፣ ልጁም እሳቸውን አንቺ ነው የሚላቸው፣ እኔ ግን ከአዲስ አበባ የመጣሁ ልጅ አንቺ ለማለት ምላሴ አልታዘዝ አለኝና አንቱ እያልኩ እሳቸው እየሳቁብኝ ቀጠልን። ቤቱ ከውጭ ዝም ያለ ግድግዳ ነው፣ ግቢው ውስጥ ስትገቡ ነው የሚከፈተው። ሳሎኑ ወንበር የለውም፣ ነደባ ነው፣ ከፍና ዝቅ ያለ ቀይ የተቀባ መደብ አምስት ዓይነት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ የአሚር ነደባ የሚሏት በር በሩን የምታየዋ የአባወራው ቦታ ነች፣ ሌሎቹም ለእንግዳ፣ ለሽማግሌ፣ ለልጅ እየተባለ ይሄዳል። ወንድሜ ሄዶ የአሚሩ ቦታ ላይ ቁጭ! እናትየው ምንም አላሉም፣ ልጁ ግን አስነሳው። ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወገብ ሰፌድና ባለአበባ የብረት ሳህን ነው፣ አንድም ባዶ ቦታ የለም። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል፣ ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል ደሞ አለች፣ ሙሽሮቹ የመጀመሪያውን ሰሞን ሳይወጡ የሚቆዩባት፣ ምግብ በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። እናትየው ይቺን ሲያሳዩን "አሁንማ ዱባይ ነው የሚሄዱት" አሉ። ስትወጡ የሆነ ነገር እጃቸው ላይ አስቀምጡ፣ ይሄ የተለመደ ነው፣ አስጎብኚው የኔ ዋጋ ውስጥ አለ ቢላችሁም ለሳቸው ለብቻ ስጡ።

በነገራችን ላይ አንዳንድ አደሬ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ፣ መታጠቢያው የጋራ ነው፣ ውሃ በጀሪካን ሊሆን ይችላል (የሐረር ውሃ ነገር የታወቀ ነው)፣ ግን ጠዋት 11 ሰዓት ላይ መነሳት ካሰባችሁ ጀጎል ውስጥ ማደር የመሰለ የለም፣ በሩን ስትከፍቱ እዛው ናችሁ። እኛ ከግንብ ውጭ ስላደርን በዛ ሰዓት ባጃጅ ለማግኘት ተቸግረናል፣ የሌሊት ባጃጁ ደሞ ዋጋው እጥፍ ነው።

ቁርስ። ጊድር መጋላ (ትልቁ ገበያ) አካባቢ ስትደርሱ ሽታው ራሱ ይመራችኋል። ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ሳምቡሳ ገና ከዘይት የወጣ፣ ሻይ በወተት። እኔ ግን ሆጃውን ነው የምላችሁ፣ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው፣ ትንሽ ጨው አለው፣ ቡና አይደለም ሻይም አይደለም፣ መጀመሪያ ስትጠጡት ምንድነው ይሄ ትላላችሁ፣ ከዛ ሌላ ትጨምራላችሁ። በዓለም ላይ ስሙ የሚጠራ ቡና ያለው አገር ሕዝቡ ራሱ ገለባውን ይጠጣል፣ ፍሬው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ይሄን ልጁ ነው ያለን እና ከሁሉ ንግግሩ ይቺን ወድጄለታለሁ። ቡና የሚቆላበት ቤት ጋ ስታልፉ ቡናው እስኪቆላ ድረስ ቁሙ፣ ገዝታችሁም ሂዱ፣ አዲስ አበባ ከምታገኙት ጋር አይገናኝም።

ስጋ ተራ ላይ ጭላቶቹን አደራ። እነሱ ራሳቸው የከተማዋ ነዋሪ ናቸው፣ ስጋ በፌስታል ይዞ የሚወጣ ሰው ካዩ ከላይ ወርደው ከእጁ ይነጥቃሉ፣ አንዳንድ ሰው ሆን ብሎ ቁራጭ ወደ ላይ እየወረወረ ያጫውታቸዋል። ወንድሜ ሳምቡሳውን እያየ ነበር የሚበላው። መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ስሙ ከስፌት ማሽኑ ድምፅ የመጣው፣ በጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ማሽኖቹ ገና ተሸፍነዋል፣ ለሷ ብላችሁ ከ3 ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ ጨርቃችሁን ሰጥታችሁ ከሰዓት ልብስ ሰፍተው ያስረክቧችኋል።

ፈረስ መጋላ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አደባባይ ነው፣ መድኃኔዓለም ቤተክርስቲያን አለች፣ ከጨለንቆ በኋላ የተሰራች፣ ታክሲ፣ ጫት፣ ግርግር። አንድ ነገር ግን እዩ፣ እነዛ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች፣ ከኔ በብዙ የሚበልጡ፣ አሁንም አቀበቱን እየወጡ ነው።

ልጁ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ላይ ማዛጋት ጀመረ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፣ ኢጀበናውን (የጠዋት ጫቱን) ሳይዝ ስለወጣ ሐራራው መጣበት። ይሄንን የምለው ለማማት አይደለም፣ ለፕሮግራማችሁ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ከተማዋ በሙሉ ትቀዘቅዛለች፣ ሰው በየቤቱ በርጫ ላይ ነው፣ ከ7 ሰዓት በኋላ አስጎብኚ ይዛችሁ ብትወጡ ግማሽ ልቡ ብቻ ነው አብሯችሁ የሚመጣው። ስለዚህ ብሩን በጠዋት ብቻ አውጡት። እኔ ብመለስ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ከአስጎብኚ ጋር ስትስማሙ ከ11 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ብቻ በሉት፣ ግንቡን፣ በሩን፣ መንገዱን፣ አንድ አደሬ ቤት፣ ቁርስ፣ እዛ ላይ አመስግናችሁ ከፍላችሁ ተሰነባበቱ። ሙዚየሞቹን ብቻችሁን ግቡ፣ ውስጥ የሚያስረዳ ሰው አለ። ሱቅ አንፈልግም የሚለውን ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ፣ መሃል ላይ መናገር ይከብዳል። መታወቂያ ባጁን ጠይቁ፣ የሌለውም ጥሩ ሊሆን ይችላል ግን ያለው ቢጣላችሁ የት እንደምታመለክቱ ታውቃላችሁ።

ከእናት ወይ ከአባት ጋር ለምትመጡ፦ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ አይሆንም። ለነሱ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለው ብቻ ይበቃል። ሽንት ቤት ጀጎል ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው፣ ቁርስ የምትበሉበት ቤት ተጠቀሙ። ከድሬ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን እንደርሳለን የምትሉ ሰዎች አትደርሱም፣ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያ ከቆማችሁ ደሞ ይብሳል፣ ማደር አለባችሁ።

ረመዳን ላይ ከሆነ ይሄን ሁሉ ገልብጡት። በፆም ወር ጠዋት ማንም የለም፣ ሰው ሌሊቱን ነቅቶ አድሮ ተኝቷል፣ ቁርስ ቤትም ዝግ ነው፣ ያኔ ከመግሪብ በኋላ ነው መውጣት። ከኢድ በኋላ ያለው የሹዋሊድ (የሐረሪዎች በዓል) ሰሞን ደሞ ሌላ ዓለም ነው ይላሉ፣ ዩኔስኮ በ2023 የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ ሆቴል ግን አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ አታገኙም፣ አስጎብኚውም ዋጋው ያኔ ሌላ ነው።